አይጥ የቀደመችኝ መድኃኒት

እግሬን ሊቆርጡት የወሰኑት በሽታው ስለከፋ ብቻ አይደለም፤ ውሸታም ነው ስላሉኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንዳንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሳያነብ ስለሚፈርድ ነው። እኔ ደግሞ ሳይሰሙኝ የፈረዱብኝ ይበቁኛል።

ዘለቀ እባላለሁ። ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የማመርት የታች ጋይንት ገበሬ ነኝ። በዚያን ጊዜ ፊደል አልለይም ነበር። አሁን የምጽፈው ጎልምሼ በተማርኩት ነው፤ እንዴት እንደተማርኩት በኋላ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው ከበሬ ነው። በክረምት መግቢያ መሬቱ ሲረሰርስ በሬዎቼን ከእርሻ ስመልስ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንደኛውን አዳለጠውና ከነክብደቱ እግሬ ላይ አረፈ። የግራ ቅልጥሜ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳዬን በስቶ ወጣ። የወደቅኩበት የከብት መተላለፊያ ስለሆነ ጭቃው ግማሹ እበት ነው፤ እሱም ቁስሌ ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቼ በቃሬዛ አወጡኝ። ሆስፒታል ስደርስ አጥንቱን በብረትና በብሎን አሰሩልኝ። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ከጋይንት ውጭ ነው፣ ይኸው ይበቃል።

ዳንኩ፤ ወደ እርሻዬም ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከጠባሳው ሥር ምስር የምታህል ቀዳዳ ተከፈተችና መግል አወጣች። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ክኒን ሰጡኝ፣ ቀዳዳዋ ተዘጋች። ክኒኑ አልቆ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ተከፈተች። ሌላ ክኒን፤ ተዘጋች። ደግሞ ተከፈተች። አንዳንዴም ሆስፒታሉ ድረስ እመላለሳለሁ፤ ዓመት በዚህ ያልቃል፣ ሌላ ዓመት ይጀምራል። ሽታው ሰው ስለሚያስቸግር ቅዳሴ የማስቀድሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ሆኜ ነበር። ሠርግ ስጠራ «ሥራ አለብኝ» እያልኩ እቀራለሁ።

ባለቤቴ የሺ ባዶውን የክኒን ልባጥ አትጥልም። ያንን ብልጭልጭ ነገር በሲባጎ እየሰካች ገብሱ ሲያሽት ማሳው ላይ ከዳር ዳር ትወጥረዋለች። ነፋስ ሲመታው ይንኮሻኮሻል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፣ ወፉ ይሸሻል። ጎረቤቶቼ ማሳዬን «ፋርማሲው» ብለው ስም አወጡለት። «የእገሌ በሬ ፋርማሲው ውስጥ ገባ» እየተባለ ይሳቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ጠበልም ገብቻለሁ፤ አልክድም። ጠበሉን የሚያስተናብረው ሰውዬ ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም ይላል፤ ስለዚህ ክኒኑን ከእሱ ደብቄ እውጣለሁ። ሐኪሞቹ ደግሞ ጠበል የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል፤ ስለዚህ ጠበሉን ከእነሱ እደብቃለሁ። ሁለቱንም ሳላጓድል ከሁለቱም ወገን እንደ ሌባ ተደብቄ ነበር የምኖረው።

በመጨረሻ እግሬ አብጦ ቀላ፣ ትኩሳቱም አላስቆም አለኝ። የሺ በበቅሎ እስከ አርብ ገበያ አመጣችኝ፤ ከዚያ በመኪና ንፋስ መውጫ፣ ከንፋስ መውጫ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ሆስፒታሉ። ከቤት ከመነሳታችን በፊት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን የተባረከ አፈር፣ እምነቱን፣ በጠበል ለውሳ ጭኔና ጉልበቴ ላይ ቀባችኝ። ቁስሉን አልነካችውም። እሱን እንደማይነካ ታውቃለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት ከፈተ። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ፣

«እናንተ፣ እርጥብ ቆዳ የጫነ አለ እንዴ?» አለ።

«እግር ነው፤ ትገዛለህ?» አለችው የሺ።

ረዳቱ አፍንጫውን ለቀቀና ሂሳብ መሰብሰብ ጀመረ።

ያስተኙኝ ከአንድ መሪጌታ ጎን ነው። የስማዳ ሰው ናቸው፤ ከወገዳ ወዲያ ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ። ሽንታቸው ታግዶ ቧንቧ ገብቶላቸዋል፤ የሽንቱ ከረጢት ከአልጋቸው ጎን ተንጠልጥሏል። ጥምጥማቸውን ተኝተውም አያወልቁም።

«እንግዳ ነህ ቤተኛ?» አሉኝ።

«እንግዳ ነኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ቤተኛ ነኝ። ይቺን ቧንቧ ቀይረው ይሸኙኛል፣ ትኩሳት ይዞኝ እመለሳለሁ። ሀገር ያጣ ጀርም ሁሉ እኔ ላይ ጎጆ ወጣ።»

እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከቀትር በፊት ቀዶ ሐኪሙ ከነርሶቹ ጋር መጣ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል።

«መድኃኒቱን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ፣ ዶክተር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወረቀቱን አገላበጠ። «ባለፈው ስትመጣ ከመግልህ ናሙና ተወስዶ ነበር። ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ በሳህን ላይ አብቅለው መድኃኒቱን ጨመሩበት። ሞተ። ሳህን ላይ የሞተው ጀርም እግርህ ላይ ለምን አይሞትም?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አንተን ነው። መልሱ አንተ ጋ ነው ያለው።»

ብርድ ልብሱን ገለጠ። እምነቱ ደርቆ ጉልበቴ ላይ ተሰነጣጥቋል። በጣቱ እንኳ አልነካውም፤ በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመው።

«ይኸው። ጠበል ስትገቡ መድኃኒቱን ትጥሉታላችሁ። ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም አንድ ናችሁ።»

አንዷ ነርስ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

«አልጣልኩም» አልኩት።

«ነገ ጠዋት ከጉልበትህ በታች እንቆርጠዋለን። ጀርሙ ወደ ደምህ ከገባ ትሞታለህ።»

«ብረቱን ብቻ አውጥተው ቢያዩልኝስ? የገባው ለአጥንቱ አይደል? አጥንቱ ይዟል ብላችሁኛል።»

«ይዟል። ግን ብረቱ ከወጣ በኋላ ለብዙ ሳምንት መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ይጠይቃል። አንተ አትወስድም። ግማሽ ሥራ ሠርቼ ብትሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ልብ በሉ። አጥንቱ ይዟል። ብረቱ ሊወጣ ይችላል። እግሬ የሚቆረጠው ክኒን አይውጥም ስለተባልኩ ነው።

እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ አቆምኩ። «አንተ፣ ና ማሳዬን እይ። የዋጥኩት ክኒን ልባጥ ከዳር ዳር ተወጥሮ ወፍ ያባርራል።»

«ባዶ ልባጥ መዋጥህን አያሳይም» ብሎኝ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

እውነቱን ነው፤ አያሳይም። ያቃጠለኝም እሱ ነው። ምን ብሠራ ሊያምነኝ እንደማይችል ገባኝ።

አንድ እግር ያለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ከተማ ላላችሁ ልንገራችሁ። እርፍ ይዞ ከበሬ ኋላ ትልም ውስጥ የሚሄድ ሰው ክብደቱን ከእግር እግር እያቀያየረ ነው። በዱላ አይታረስም። መሬትህን ለእኩል አራሽ ትሰጣለህ፤ እሱ በሚመቸው ጊዜ ያርሳል፣ በሚመቸው ጊዜ ይዘራል፣ አንተ ከደጅህ ተቀምጠህ የገዛ ገብስህን ከሩቅ ታያለህ።

«ለእኩል አራሽ እንሰጠዋለን» አለች የሺ። «አንተ ብቻ ቆይልኝ።»

«አንቺም ፈረድሽብኝ?»

«እኔ ስትውጥ አይቻለሁ። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?»

መሪጌታ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኔም ጠበል ጠጥቼ ክኒናቸውን እውጣለሁ። ሁለቱንም የሰጠ አንድ ጌታ ነው። አይቀላቀልም ያለህ ማን ነው?»

«የጠበሉ አስተናባሪ።»

«እሱ ውሃውን ይቅዳ።»

ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ አነስ ያለ ሣጥን ይዛ መጣች።

«አያ ዘለቀ እርስዎ ነዎት?»

በዚያ ቤት ውስጥ ከመሪጌታ በስተቀር በአክብሮት የተጠራ ስላልነበረ ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤው ጋር ተናደድኩ። «ምን ፈለግሽ?»

«መቅደስ እባላለሁ። የላብራቶሪ ተመራማሪ ነኝ፤ የእስቴ ልጅ ነኝ። ነገ እግርዎ ሲቆረጥ ውስጡ ያለውን ብረት ለጥናት እንድወስደው ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው።»

«ውሻ እንኳ በሬው እስኪታረድ ይጠብቃል።»

ፊቷ ቀላ፤ ግን አልሄደችም። ሣጥኑን መሬት አስቀምጣ በእንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ይስደቡኝ፣ ግድ የለም። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። ክኒኑን ሲወስዱ ቁስሉ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«ሲጨርሱት?»

«ይከፈታል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ምነው?»

«ባይወስዱት ኖሮ አይዘጋም ነበራ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምታወራ ይመስላል።

የሺ ቀና ብላ አየቻት። ስንት ዓመት ስንመላለስ ይህችን የምታህል ጥያቄ የጠየቀን አልነበረም። ወስደሃል አልወሰድክም ብቻ ነው። ሲዘጋስ? ብሎ የጠየቀ የለም።

«ቤት መርገው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«የገዛ ቤቴን ማን የመረገው መስሎሽ ነው?»

«ጭቃውን ያለ ጭድ ቢመርጉትስ?»

«ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ዝናብ ሲመታው ይወርዳል። የእስቴ ልጅ ሆነሽ ይህን አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ጀርሙም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ከራሱ ገላ ልጋግ እያወጣ ራሱን ይሸፍናል። ውሃ የከረመበት ጀሪካን ውስጡ ያሙለጨልጭ የለ? እንደሱ ነው። ልጋጉ ብቻውን ግን አይጸናም፤ ጭድ ይፈልጋል። ጭዱ በዓይን የማይታይ ክር ነው፣ ከፕሮቲን የሚሠራው። አሚሎይድ እንለዋለን። ክሩ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ልጋጉን ግድግዳ ያደርገዋል። ክኒኑ በደም መጥቶ ውጭ የሚዞሩትን ጀርሞች ይገድላል፤ ያኔ ቁስሉ ይዘጋል። ከግድግዳው ውስጥ የተኙትን ግን አይጨርሳቸውም። ክኒኑ ሲያልቅ ይወጣሉ።»

«ጀሪካኑን እኮ ውሃ ብቻ ጨምሮ ማለቅለቅ አያጸዳውም» አለች የሺ። «ጠጠር ጨምረን ነው የምንንጠው።»

«ልክ ነሽ፣ እቴ። ክኒን ብቻውን ማለቅለቅ ነው።»

የስንት ዓመት መከራዬን ቡና እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ ጨረሰችው። እንዲህ ቀላል ከነበረ ማን ደብቆብኝ ነው? እያልኩ ውስጤ ጨሰ።

«ጭዱን የሚያወጣ መድኃኒት የለም?» አልኳት።

«እየተሠራ ነው። የእኔም ጥናት እሱ ነው። ጀርሙን ራሱን መግደል ሳይሆን ክሩ እንዳይቆላለፍ ማድረግ፣ የተቆላለፈውን መፍታት። ግድግዳው ጭድ ሲያጣ ይላላል፤ ያኔ ያው የተለመደው ክኒን ገብቶ ይጨርሳቸዋል።»

«አለ ማለት ነዋ።»

«በሳህን ላይ ሠርቷል። ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በአይጥ ላይ እየሞከሩት ነው።»

«በምን ላይ?»

«በአይጥ።»

መሪጌታ ሳቅ አፈናቸው፤ ሳቁ ቧንቧውን ሲነካባቸው «ወይኔ» እያሉ ሆዳቸውን ያዙ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

«የእኔን ጎተራ የምትቦረቡር አይጥ» አልኳት፣ «እሷ ትታከማለች፣ የእኔ እግር ይቆረጣል።»

«አያ ዘለቀ፣ መጀመሪያ ሰው እንደማይጎዳ መታወቅ አለበት።»

«ነገ እግሬን የሚቆርጡት ሰው እንደማይጎዳ ታውቆ ነው?»

አጎንብሳ ሣጥኗን ስታነሳ ዓይኗ ከአልጋዬ ግርጌ ያለው ካርድ ላይ አረፈ። ቆመች። ካርዱን አነሳችና ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አየች፤ ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ፈለገች፤ መልሳ ካርዱን አየች። ከዚያ ስለ ብረቱ ፈቃድ ሳትጠይቀኝ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል፣ እየተጣደፈች ወጣች።

«ምን ሆነች?» አለች የሺ።

«አይጧ ታማባት ይሆናል» አልኩ።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ነርሷ የቀዶ ጥገና ልብስ አምጥታ አልጋዬ ላይ ወረወረች። የሺ ልብሱን አጣጥፋ መልሳ አልጋው ግርጌ አስቀመጠችው። እግሬን አየሁት። አብጧል፣ ይሸታል፣ ግን ጣቶቼን ሳዝዛቸው ይንቀሳቀሳሉ። ያዘዝኩትን የሚሰማ እግር እንዴት ይጣላል?

ሐኪሙ ገባ። ከኋላው መቅደስ ተከትላዋለች፤ ዓይኗ ደም ለብሷል፤ እንዳልተኛች ያስታውቃል። በአንድ እጇ ክዳን ያለው የመስተዋት ሳህን፣ በሌላው ትንሽ ብልቃጥ ይዛለች። ብልቃጡ ውስጥ ብሎን አለ።

«ዶክተር፣ ይህን ብቻ ይዩልኝ። እሳቸው ፊት ይዩልኝ።»

«ቢሮዬ መጥተሽ ነግረሽኛል።»

«እሳቸው አልሰሙም።» ወደ እኔ ዞረች። «አያ ዘለቀ፣ ከመግልዎ የተወሰደው ናሙና ግማሹ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ትናንት ካርድዎ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይ አወቅኩት። ጀርምዎን ብሎን ላይ አብቅዬዋለሁ። ሳህን ላይ የገደለውን መድኃኒት ጨመርኩበት፤ አልሞተም። ደጋግሜ ጨመርኩበት፤ አልሞተም።»

ሳህኑን አሳየችን። ጀርሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ በቅሏል፤ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው። «ይህ ቀለም ክሩን ነው የሚይዘው» አለች። «ጭዱን። ይኸው ሞልቷል። እሳቸው መድኃኒቱን ወስደዋል፣ ዶክተር። ወስደውም እንደዚህ ነው የሚሆነው።»

ሐኪሙ ሳህኑን ብዙ አላየውም። «ጀርም ብረት ላይ እንደሚሠፍር እኔም አውቃለሁ። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው ውሸታም ያልከኝ?»

«እንዳንተ ያለ ብዙ በሽተኛ አይቻለሁ። አብዛኛው አይወስድም።»

«እኔ አብዛኛው አይደለሁም። እኔ ዘለቀ ነኝ።»

ከወዲያኛው ጥግ የነበሩት በሽተኞች ሁሉ ቀና ቀና ብለው ያዩናል።

«ብረቱን አውጥተን አጥንቱን ብንጠርገው ይቻላል» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመቅደስ። «ከዚያ በኋላስ? አገሩ ገብቶ መድኃኒቱን አቋርጦ ተመርዞ ቢመጣ?»

«ባቋርጥ እግሬን ይዤ ራሴ እመጣልሃለሁ» አልኩት።

ያኔ መሪጌታ ተነስተው ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ የሽንት ከረጢታቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ዶክተር፣ እዚሁ አስተኛው። ጠዋትና ማታ እኔ ፊት ይውጣል። ሲውጥ አፉን አስከፍቼ አያለሁ። አልዋጠም ያልኩህ ቀን ቁረጠው። የእኔን ቃል ትቀበላለህ?»

ሐኪሙ አያቸው። ራሱን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ አባ። እርስዎ ካሉ።»

እዩልኝ እንግዲህ። የሺን አልጠየቃትም። ማሳዬን አላየም። የልጅቷን ሳህን አውቀዋለሁ አለው። ጠበል ስለገባሁ የናቀኝ ሰው እግሬን የተወልኝ ጥምጥም ባደረገ ሰው ቃል ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ጨመረ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ከወገቤ በታች አደንዝዘው ብረቱን አወጡት። አላመመኝም፤ ግን ብሎኖቹ ሲፈቱ የሚያሰሙት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ልክ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ነው የፈቱኝ። አጥንቱን ፋቁት፣ አጠቡት። ብረቱን ሲያወጡ አሳዩኝ ብዬ ለመንኩ። ነርሷ በጓንቷ ይዛ አነሳችው። የጠበቅኩት ዝገት ነበር። ዝገት አልነበረበትም። ቀጭን፣ ግራጫ፣ የሚያሙለጨልጭ ልባስ ነበር። ስንት ዓመት ከእኔ ጋር የኖረው ጀርም ያንን ይመስላል።

መቅደስ ብልቃጥ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ውሰጂው» አልኳት። «ግን መልስ ይዘሽ ነይ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። መጀመሪያ በመርፌ፣ በኋላ በክኒን። መሪጌታ ቃላቸውን ጠበቁ። «ክፈት» ይሉኛል፤ እከፍታለሁ። «ምላስህን አንሳ፤» አነሳለሁ። «ዋጠ» ብለው ለነርሷ ያውጃሉ። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። ቀኑ አላልቅ ሲለን ደግሞ «አፍህን ከከፈትክ አይቀር ሀ በል» አሉኝ። ፊደል የጀመርኩት እንዲህ ነው። በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እየጻፉ ያስቆጥሩኛል። ስሳሳት «በሬህ ካንተ ይሻላል» ይሉኛል፤ «በሬዬን ይዘውልኝ ይምጡና ያስተምሩት» እላቸዋለሁ። የራሴን ስም የጻፍኩ ቀን የሺ ካርቶኑን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ አስገባችው።

ቁስሌ ተዘጋ። መርፌው አልቆ፣ ክኒኑም ወደ ማለቁ ሲቃረብ አልተከፈተም።

የመሪጌታ ትኩሳት ግን ተመለሰ። አንድ ጠዋት «ክፈት» ሳይሉኝ ቀሩ። ዞር ስል ይንቀጠቀጣሉ፤ ብርድ ልብስ ደራረብንላቸው፣ አልሞቃቸውም። ቧንቧቸውን ቀየሩት፣ መርፌ ሰጧቸው። መቅደስን ስልክ አስደውዬ አስጠራኋት።

«እሳቸው ላይም ያው ነው?»

«ያው ነው። ቧንቧው ላይ ይሠፍራል። ሲቀየር አዲሱም ላይ ይሠፍራል።»

«ቧንቧውን አውጡላቸዋ።»

«ካወጣነው ሽንታቸው ይታገዳል። የሽንት መንገዱን የሚከፍተውን ቀዶ ጥገና ደግሞ ልባቸው አይችለውም።»

«ያቺ የአይጧ መድኃኒት?»

«ለሰው አልተፈቀደም። ብሰጣቸው ልገድላቸው እችላለሁ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ዘለቀ» አሉኝ፣ «ልጅቷን አትጣላት። ዛሬ ክኒንህን ውጠሃል?»

«ውጫለሁ፣ አባቴ።»

«አሳየኝ።»

አፌን ከፈትኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ አረፉ።

መቅደስ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። «ብትሰጪያቸው ልትገድያቸው እንደምትችይ ነበር ያልሽኝ» አልኳት። «ሳትሰጪያቸውም ሞቱ።»

ክፉ ንግግር ነው። ልክም አይደለም፤ የመጣለትን ሁሉ ሰው ላይ እየሞከረ የሚሄድ ሐኪም ምን እንደሚያደርግ አሁን ይገባኛል። ግን ብላችሁ ብላችሁ ተጸጸት አትበሉኝ። የተናደድኩት እሷ ላይ አልነበረም፤ እሷ ግን አጠገቤ ነበረች።

ዛሬ አርሳለሁ። እግሬ ትንሽ ጠማማ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳኛል፤ ግን እርፌን የያዝኩት ራሴ ነኝ። ቅዳሴም ውስጥ ገብቼ ነው የማስቀድሰው። ማታ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ መሪጌታ የጀመሩልኝን ጨረስኩ።

አንባቢዬ፣ ሐኪም ከሆንክ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ልመናም አይደለም፣ ዕዳህ ነው። «ወስደሃል?» ብለህ ስትጠይቅ መልሱን ከሰማህ በኋላ ሌላ ጥያቄ ጨምር። «ስትወስድ ምን ይሆናል፣ ስትተውስ?» በል። ሰውዬው ጉልበቱ ላይ እምነት ስለተቀባ ሆዱ ውስጥ ክኒን የለም ማለት አይደለም። በሽተኛ ከሆንክ ደግሞ፣ እንደ እኔ ብረት ወይም እንደ መሪጌታ ቧንቧ ያለብህ ከሆንክ፣ ቁስልህ ሲዘጋ ሲከፈት ከኖረ፣ ይህን ሳታፍር ተናገር። ክኒን አላዳነኝም ማለት ክኒን አልወሰድኩም ማለት አይደለም። ግድግዳ መርገው የተቀመጡ ጀርሞች እንዳሉ ሐኪሞቹን ጠይቃቸው። ያውቁታል። ተማሪ ሳሉ ጀምሮ ያውቁታል።

ገንዘብና ሥልጣን ያላችሁ ሰዎችም ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ ያቺ ልጅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣዋን በበረዶ እየደገፈች ነው የምትሠራው። የእኔ ጀርም እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስካሁን በሕይወት አለ። ቁጥር ተሰጥቶት፣ እየተመገበ፣ እየተጠበቀ ይኖራል። መሪጌታ የሉም።

በየዓመቱ ገብሱ ሲያሽት እደውልላታለሁ። የሺ አሮጌውን ልባጥ አራግፋ ማሳው ላይ ስትወጥር ነው የምደውለው።

«ከአይጥ ወደ ሰው ተሻገረ?» እላታለሁ።

«ገና ነው፣ አያ ዘለቀ።»

ዘንድሮም ደወልኩ። ገና ነው አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁና፣ ከጎተራው ሥር ስትንኮሻኮሽ የሰማኋትን አይጥ በዱላ አሳደድኳት። አልደረስኩባትም።